አንገቷ ያልተነካ ሚዳቋ

ቄራ፣ ጋራዦቹ ፊት ሳልፍ የቤንዚንና የእርጥብ ጸጉር ሽታ ተቀላቅሎ ድንገት ሲሸተኝ ዛሬም እግሬ ይያዛል። የጋሽ መኮንን አሮጌ መኪና ሽታ ነው። ያቺ መኪና ካዛንቺስ ግቢያችን በር ላይ ቆማ ጡሩምባዋን ሁለት ጊዜ ስትነፋ፣ እኔና ወንድሜ እየተጋፋን ወጥተን፣ አባዬ ከአደን ምን ይዞ እንደመጣ ለማየት እንሽቀዳደም ነበር።

አባዬ መዝገብ ቤት ነበር የሚሠራው። ሳምንቱን ሙሉ የፋይል አቧራ ሲቅም ይሰነብትና፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ በጥቅምት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛው ከጋሽ መኮንን ጋር ወደ ቆላ ይወርድ ነበር። ጋሽ መኮንን ይተኩሳል፣ አባዬ ቢላዋ ይዞ ወደ ወደቀው ይሮጣል። መሮጡ ለእናቴ ሲባል ነበር፤ በእሷ ቤት ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ያልታረደ ሁሉ በክት ነው፣ በክት የበላም የንስሐ አባቱ ፊት ሳይቆም ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ስለዚህ ጅግራም ይሁን ሚዳቋ፣ ገና ከበር «ደረስክበት?» ትለው ነበር። «ባርኬ ነው ያረድኩት» ሲላት፣ ቢላዋ ያረፈበትን አንገት አገላብጣ አይታ፣ ደስ ብሏት ሽንኩርቷን ትከትፍ ነበር።

ኅዳር ሲጋመስ ጾመ ነቢያት ይገባና አደኑ ይቆማል። በእነዚያ ሳምንታት አባዬ ቀለል ብሎት፣ ከእኛ ጋር ካርታ እየተጫወተ ያመሽ ነበር። እኔ ግን የሥጋው ናፍቆት ስለነበረብኝ ገና እስኪደርስ ቀን እቆጥር ነበር።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ በጣለበት ቅዳሜ፣ ጡሩምባው ተነፋና ወጣን። ጋሽ መኮንን የመኪናውን የኋላ ክዳን ሲከፍት፣ ውስጥ የተጋደመችው ሚዳቋ ተፈራግጣ መሬት ወደቀች፤ ተነሣች፣ ተንገዳግዳ እንደገና ወደቀች፣ በፊት እግሮቿ እየተጎተተችም ልብስ ከተሰጣበት ገመድ ሥር ደርሳ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ጥይቱ ከጆሮዋ በላይ ጨርፏት ኖሯል። አንገቷ አልተነካም።

እናቴ የሚዳቋዋን አንገት አየች። ቤት ገብታ የራሷን ቢላዋ አምጥታ ለአባዬ እጀታውን አስያዘችው።

«በል እንግዲህ፣ ነፍሷ አልወጣችም፤ ባርክና እረድ።»

አባዬ ተንበረከከ፣ አንገቷን ያዘ፣ «በስመ አብ» አለና አቋረጠ። እንደገና ጀመረ፣ እንደገና አቋረጠ። በመጨረሻ «አልችልም» ብሎ ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ጋሽ መኮንንም አንሥቶ፣ በስመ አብ ብሎ አረዳት። እናቴ ወደ ሚዳቋዋ አልዞረችም።

«እስከ ዛሬ ያመጣሃቸውስ?» አለችው።

«ምን ብዬ ልደብቅሽ» አለ አባዬ፣ ቀና ሳይል። «እስኪሞቱ አጠገባቸው ቆሜ እጠብቃለሁ። ከዚያ ነው ቢላዋ የማሳርፍባቸው። ዛሬ ዝናብ ሆነ፣ የሞተች መስሎኝ ቶሎ ጫንኳት፤ አንገቷን መንገድ ላይ እነካለሁ ብዬ።»

«በእጄ ነው እኮ ልጆቼን ያጎረስኳቸው» አለች እናቴ፣ ገብታም በሩን ዘጋችው። ያቺን ሚዳቋ፣ ተባርካ የታረደችውን፣ ጋሽ መኮንን እንዳለች ይዟት ሄደ።

በዐቢይ ጾም እናቴ እኔንና ወንድሜን የንስሐ አባቷ ፊት አቆመችን፤ የታዘዘልንን ስግደት አብዛኛውን እሷ ሰገደችልን። ለፋሲካ የተገዛውን በግ ጎረቤት ጠርታ አሳረደች፣ አባዬም ጓዳ ተቀምጦ የሬዲዮ ድምፅ ከፍ አደረገ። አልተጣላችውም፣ አልሰደበችውም፤ ግን ዳቦ እንኳ ገዝቶ ሲገባ አገላብጣ ታየው ጀመር። እኔም ከእሷ ጋር ሆኜ አኮረፍኩት፣ በእሱ አፈርኩ። ይህን ሳልነግረው ሞተ።

ያ ግቢ ዛሬ ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ያኔ አባቴ ዋሽቶ አበከተን ብዬ ነበር ያለቀስኩት፤ አሁን የሚታየኝ ቢላዋ ይዞ፣ ከሚያጣጥር እንስሳ አጠገብ ብቻውን የቆመ ሰው ነው። ርኅሩኅ ስለነበር ነው ብዬ ልጽናና እሞክርና፣ እንስሳቱ በእሱ ርኅራኄ ምን ያህል እንደጣሩ ሳስብ እተወዋለሁ።

እናቴ አርጅታ ከእኔ ጋር ናት። ከሥራ ስመለስ ደምበል አካባቢ ከሱፐርማርኬት የታሸገ ሥጋ እገዛለሁ፤ ማን እንዳረደው ጠይቄ አላውቅም። እሷም ልጄ አታበክተኝም ብላ፣ አገላብጣ ሳታይ ትበላለች። አባዬ አንድ ቀን እውነቱን ተናግሮ ያጣውን የእሷን እምነት፣ እኔ ስላልተጠየቅሁ ብቻ ይዤዋለሁ።