ካርታው ላይ ያልነበሩት እማማ

ሚሊኒየሙ ከተከበረ በኋላ በነበሩት ዓመታት አርባ ምንጭ ውስጥ ደመወዝተኛ ሁሉ የሚያወራው ስለ ቤት ነበር። ዩኒቨርሲቲው ይሰፋል፣ ባጃጁ ይበዛል፣ ከሐዋሳና ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ቦታ እየጠየቁ ነው ይባላል። እኔ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በኩልፎ ወንዝ ዳር ያሉትን የሙዝ እርሻዎች በሞተር ሳይክል ሲያዳርስ ይውላል። ከተጋባን ጀምሮ የኖርነው በኪራይ ነው። ሴት ልጃችን ግድግዳ ላይ በከሰል በሣለች ቁጥር አከራይዋ ይጮሁባታል፣ እሷም ሥዕሉን በምራቋ ልትፈገፍግ ትሞክራለች። አንድ ቀን እንዲህ ስትፈገፍግ ባለቤቴ አይቷት ሞተሩን አስነስቶ ወጣ። ሲመለስ ደላላ አነጋግሮ መጥቷል።

እውነቱን ለመናገር እንደ እኛ የተጠነቀቀ ሰው አላውቅም። አንድ የሥራ ባልደረባችን በባንክ የተያዘ ቤት ገዝቶ ሲያለቅስ አይተናል። ስለዚህ ሲቀላ ያለውን ቤት እንደወደድነው ባለቤቴ ካርታውን ይዞ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ዕዳ የለበትም፣ እገዳ የለበትም። በጠራራ ፀሐይ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሌላ ቀን ዝናብ ሲጥል ተመልሰን ሄደን ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ ቆመን አየን። ግድግዳውን አንኳኳን፣ ምስጡን ፈለግን። ሁለት ክፍል ያለው የጭቃ ቤት ነው፤ ግቢው ውስጥ ትልቅ ማንጎ፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ሰርቪስ ቤት አለች።

ሰርቪሷ ተቆልፋ ነበር። "ይቺስ?" አልኩት ሻጩን።

"የአባቴ የድሮ ዕቃ ነው ያለው፤ ሰሞኑን አወጣዋለሁ" አለኝ። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ትሑት ወጣት ነው። አባቱ ከሞቱ ዓመት ያለፋቸው ሲሆን ወራሽነቱን ፍርድ ቤት አረጋግጦለታል። ደላላው ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "እህቴ፣ ልጅ አባቱን ወረሰ። ከዚህ የጸዳ ቤት ከየት ይመጣል?" አለ። እኔም አመንኩ። ተዋውለን፣ ስም አዛውረን ገባን።

ከገባን በኋላ ያሉት ሳምንታት የሕይወቴ ደስተኛ ጊዜ ነበሩ ብዬ አስባለሁ። ልጄ ግድግዳው ላይ እንደልቧ ሣለች። ሻጩ ግን ዕቃውን ሊወስድ አልመጣም፤ ስልኩም አይነሳም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ የግቢው በር ሲከፈት ሰማሁ። ከውጭ በቁልፍ ነው የተከፈተው። አንዲት ሸምገል ያሉ ሴት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሸክም አዝለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡና በሩን መልሰው ዘጉ። ማንጎው ላይ ያሰርኩትን የልብስ ገመድ አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

"እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?"

"አንቺ ማነው?" አሉኝ። አማርኛቸው የደጋ ጋሞ አማርኛ ነው። "ልጁ የታለ?"

"የቱ ልጅ?"

"የባሌ ልጅ።"

ሸክማቸውን አወረዱ፣ ከመቀነታቸው ሌላ ቁልፍ ፈትተው ሰርቪሷን ከፈቱ። ከኋላቸው ሆኜ ወደ ውስጥ አየሁ። የተነጠፈ አልጋ፣ ጥጥና እንዝርት፣ ግድግዳው ላይ ኮፍያ ያደረጉ ሰውዬ ፎቶግራፍ። ሻጩ 'የአባቴ ዕቃ' ያለው ይኸው ነው።

ባለቤቴ ሲመጣ በጋሞኛ አነጋገራቸው። እሳቸው አልጋው ላይ፣ እሱ ደፉ ላይ ተቀምጠው ብዙ አወሩ። ወደ እኔ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

"የሟቹ ሚስት ናቸው" አለኝ። "በባህል የተጋቡ። ልጁ የፊተኛዋ ሚስት ልጅ ነው። ይህን ቤት ሲሠሩ ጭቃውን ያቦኩት እሳቸው ናቸው። ደጋ ላይ ገረሴ ያለች እህታቸው ታማ፣ 'ሂጂ አስታሚያት፣ ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ' ብሎ መኪና ላይ ያሳፈራቸው ልጁ ነው። እህታቸው ስትሞት ለቅሶው ላይ ቆዩ።"

"መሸጡን ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"ምሳ በልታችኋል ወይ አሉኝ።"

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የአጥር ጎረቤቴን አስቆምኳት። "እማማን ታውቂያቸዋለሽ?"

"ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግሪን?"

"መቼ ጠየቃችሁኝ?" አለች፤ ክፋት አልነበረባትም። "ከደላላው ጋር መጣችሁ፣ ከደላላው ጋር ሄዳችሁ። እሳቸውም ተስማምተው ሸጠው አገራቸው የገቡ መስሎን ነበር።"

ምስጥ ፍለጋ ግድግዳ ስናንኳኳ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ልብስ ታሰጣ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ደላላው "የእኔ ሥራ ገዢና ሻጭ ማገናኘት ነው" ብሎ ተገላገለን። ሻጩ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ማለፉን ከጓደኞቹ ሰማን። ከዚያ በኋላ የእሱን ወሬ የነገረን የለም።

እማማን ውጡ ለማለት እኔም ባለቤቴም አፋችን አልታዘዝ አለ። እሳቸውም ውጡ አላሉንም። ከእኛ ቀድመው ተነስተው ግቢውን ይጠርጋሉ፤ ከአጥሩ ሥር ካለው የሽፈራው ዛፍ ቅጠል ቀጥፈው በበቆሎ ዱቄት ድቡልቡሉን ኩርኩፋ ሠርተው ሳህኑን እኛ በር ላይ ያስቀምጣሉ። ልጄ እንዝርት ማሽከርከር ተማረችባቸው። እኔ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። ተናድጄ እነሳለሁ፤ የምናደድበት ሰው ስፈልግ ግቢው ውስጥ የማገኘው እሳቸውን ጎንበስ ብለው ሲጠርጉ ነው።

ባለቤቴ የአገር ሽማግሌዎች ጠራ። በጋሞ ወግ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው መጡ፤ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። እማማን ሰሙ፣ እኛን ሰሙ። ከሁሉም የሚያንሱት ሽማግሌ ሣሩን በእጃቸው እንደያዙ፣ "እኛ የተጣላ ነው የምናስታርቀው። እናንተ መች ተጣላችሁ? የበደላችሁ ሰው ደግሞ እዚህ የለም" አሉ። መረቁን፤ ተነስተው ሄዱ። በሩ ድረስ ስሸኛቸው አንዱ እንኳ ዓይኔን አላየም።

ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት የወሰዱት የእማማ ወንድም ልጆች ናቸው። ከገረሴ ወርደው መጡና "የአክስታችን ሀብት በባዕድ እጅ አይቀርም" አሉ። አንድ ወረቀት ላይ በአውራ ጣታቸው አስፈርመዋቸው ሄዱ፤ ውክልና ኖሯል። መጥሪያው ሲመጣ ከሳሽም ተከሳሽም በአንድ ግቢ ውስጥ ነን። የቀጠሮው ቀን እማማ ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር በአንድ ባጃጅ ሄድን። መሃል ላይ ተቀምጠው፣ መንገዱ ሲያንገጫግጫቸው ክንዴን ይይዛሉ። የፍርድ ቤቱ በር ላይ የወንድማቸው ልጆች እኔ ደግፌ ሳወርዳቸው ሲያዩ ግራ ገባቸው።

ዳኛው ሲጠይቋቸው ወደ እኛ እያመለከቱ፣ "እነዚህ ልጆች ምንም አላደረጉኝም" አሉ በአስተርጓሚ። ይህ ግን የክሱ ጭብጥ አልነበረም። ምስክሮች ተሰሙ፤ ጎረቤቴም መሰከረች፤ ያየችውን ነው የተናገረችው። ጉዳዩ በቀጠሮ ሲጓተት ቆይቶ ተወሰነ። የቤቱ ግማሽ የእማማ ነው፣ ሽያጩ በእሳቸው ድርሻ ላይ አይጸናም፣ እኛ የከፈልነውን ከሻጩ የመጠየቅ መብታችን የተጠበቀ ነው። ጠበቃችን ይህን የመጨረሻውን ሲነግረን ባለቤቴ ሳቀ። ያን ቀን ካልሆነ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ቤቱ ለሁለት የሚከፈል አይደለምና ካልተስማማን በሐራጅ ይሸጣል ተባለ። የወንድማቸው ልጆች በውክልናቸው ይሸጥ አሉ። ድርሻቸውን እንዳንገዛ ያለንን ሁሉ ጨርሰናል። እማማ ሐራጅ የሚለውን ቃል ባለቤቴ ደጋግሞ ቢያስረዳቸውም አልገባቸውም።

"ግማሹ የእኔ ነው አሉ አይደል?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ግማሹ የእናንተ ነው?"

"አዎ።"

"እኔ በእኔ እተኛለሁ፣ እናንተ በእናንተ ትተኛላችሁ። ሽጡ ያለን ማነው?"

ባለቤቴ ውክልናውን መሻር እንደሚችሉ ነገራቸው። አብሯቸው ሄዶ ሊያስጨርስላቸው ቃል ገባ። ጥጣቸውን መፍተል ሳያቆሙ፣ "የወንድሜ ልጆች ናቸው" አሉ። "ስሞት የሚቀብረኝ ማነው? እናንተ ናችሁ?" ባለቤቴ "እኛም እንቀብርዎታለን" ሊል አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። ለአንዲት ሴት ከዘመዶቿ ጉድጓድ ሌላ ጉድጓድ ቃል መግባት በእሱ አገር ቀላል ነገር አይደለም።

የሐራጁ ቀን ሰዎች ግቢያችንን ሞሉት። ጣሪያውን ቀና ብለው ያያሉ፣ ግድግዳውን ያንኳኳሉ። አንዱ የልጄን የከሰል ሥዕል በጣቱ ጠራርጎ "ቀለም ይፈልጋል" አለ። ቤቱን የገዛው አንድ ነጋዴ ነው፤ አፍርሶ ለተማሪዎች የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራበት። በደረሰን ድርሻ ሲቀላ ላይ ቀርቶ ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወስደው መንገድ ዳር እንኳ ቤት አላገኘንም። በእነዚያ ዓመታት የቤት ዋጋ እኛን አልጠበቀም።

እማማ የሄዱት ከእኛ ቀድመው ነው። የወንድማቸው ልጆች አልጋቸውን ኮንትራት መኪና ላይ ጫኑ። ከሾፌሩ ጎን ሆነው፣ "እዚያ ይበርዳል" አሉኝ፤ ቅሬታ እንኳ አይመስልም፤ ዝም ብለው የሚነግሩኝ ነው የሚመስለው። ጋቢዬን አለበስኳቸው። ልጄ ከመኪናው ኋላ እየሮጠች እስከ አስፋልቱ ሄደች፤ ባለቤቴ አቅፎ መለሳት። እኛም በሳምንቱ ሴቻ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተን ወጣን።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ያስተምረን ጀመር። "ጎረቤት አትጠይቁም ነበር?" "የተቆለፈ ክፍል አስከፍቱልን አትሉም ነበር?" "ቤቱ ውስጥ ማን ይኖር ነበር ብሎ ቀበሌውን መጠየቅ እኮ ነው!" ሁሉም ልክ ናቸው። አንድ ጊዜ ባለቤቴ "እሺ፣ ጠየቅን እንበል። እማማስ ምን ይሆኑ ነበር? ለሌላ ሰው ይሸጥባቸው ነበር" አለ።

እማማ በክረምት ሞቱ። የወንድማቸው ልጅ ገበያ ወርዶ ለባለቤቴ ነገረው፤ የተቀበሩት ግን ቀደም ብሎ ነው። ለለቅሶው ገረሴ ወጣን። ጭጋጉ እስከ እንሰቱ ድረስ ወርዶ ጎጆዎቹ ጥላ ነው የሚመስሉት። ልጄ ጉም አይታ ስለማታውቅ እጇን ዘርግታ ትይዘዋለች። ለቀስተኞቹ ቦታ ለቀቁልን፤ ተቀመጥን። ከአጠገቤ ያሉ አንዲት ባልቴት በጋሞኛ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

"ምኗ ናችሁ ነው የሚሉት" አለኝ።

"ንገራቸዋ" አልኩት።

እጁን እያሻሸ አንድ ቃል ተናገረ፤ ባልቴቷ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ፊት ዞሩ። ምን እንዳላቸው የጠየቅኩት መኪና ውስጥ ገብተን መንገዱን ስንወርድ ነው።

"ጎረቤት" አለኝ። "ሌላ ምን ልበል?"