ባሌ ማዕድ የለየብኝ ሰሞን

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊከበር በነበረበት ዓመት፣ ገና አልፎ እንግዳው ከላሊበላ በተበተነ ሰሞን ነው። ባሌ ባሳለ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥር ደግሞ ያው ቅናቴ ይነሳብኛል።

ባሌ ሞላ ቱሪስት በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም እያወጣ ነው የሚያኖረን። ከተጋባን ጀምሮ ከአንድ ትሪ ነበር የምንበላው። ያን ሰሞን ግን “ለብቻዬ አቅርቢልኝ” ማለት አመጣ። ጉርሻዬን እምቢ አለ። ከአልጋ ወርዶ መደብ ላይ መተኛት ጀመረ። ሲያስለው ወደ ደጅ ይሮጣል፤ ምነው ስለው “አቧራ ነው” ይለኛል። ይባስ ብሎ በማለዳ እህል ሳይቀምስ “ኪዳን አድርሼ ልምጣ” እያለ መውጣት ጀመረ።

ጎረቤቴ ግን ጤና ጣቢያ ሲገባ አየሁት አለችኝ። ደሜ ፈላ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ዝናሽ አለችዋ!

ዝናሽ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ከእኔ በፊት ለሞላ ታጭታ ነበር፤ ሽማግሌ ዘር ሲቆጥር አምስተኛው ቤት ላይ ዘመድ ሆነው ተገኙና ቀረ። ያ ባይሆን እኔን ማን ዞር ብሎ ያየኝ ነበር? ነጭ ጋውኗን ለብሳ ስትሄድ ባየኋት ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

ወደ አባቴ ቤት ልሄድ ልብሴን ቋጠርኩ። መጀመሪያ ግን በዓይኔ ልይ ብዬ በማግስቱ ተከተልኩት። ቀጥ ብሎ እሷ ክፍል ገባ። በመስኮት ሳይ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ አውጥቶ ሰጣት። እሷም ተቀብላ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ሽቶ መሰለኝ። ለእኔ ሻሽ እንኳ ገዝቶልኝ አያውቅም!

በሩን በርግጄ ገባሁ። “ሽቶውን አምጭ!” አልኳት።

“ምን ሁነሽ ነው አንች?” አለች ዝናሽ። ከዚያ ወደ ሞላ ዞራ “ልንገራት?” አለችው። አንገቱን ደፋ። “አክታው ነው። ትናንት የሰጠኝ ላይ ቲቢ አግኝቻለሁ። የዛሬው ለማረጋገጫ ነው። ነይ፣ የትናንቱን እይው።”

በማይክሮስኮፑ አጎንብሼ አየሁ። ሰማያዊ ነገር ላይ የተበጣጠሰ ክር የመሰሉ ቀያይ ቀጫጭኖች ተበትነዋል። ባሌን ከማዕዴ የለዩት እነሱ ነበሩ።

“ለምን ደበቅኸኝ?” አልኩት እያለቀስኩ።

“ሳሉ አልለቅ ሲለኝ ገና ሳልመረመር ጠርጥሬ ነበር። እናትሽን በዚሁ በሽታ ነው ያጣሽ። ጥለሽኝ የምትሄጅ መሰለኝ። ደግሞ እንዳላስይዝሽ ብዬ ነው” አለኝ። የተቋጠረው ልብሴ አልጋ ሥር መሆኑን አያውቅም።

ያን ሁሉ ደንግጬም ቅናቱ አልለቀቀኝም። የባሌን ሕመም እሷ ከእኔ ቀድማ ማወቋ አንገበገበኝ። እኔንም መርምራ ነፃ ነሽ አለችኝ። መድኃኒቱን ግን ሞላ በየቀኑ እዚያው ጤና ጣቢያ፣ በባለሙያ ፊት መዋጥ አለበት ተባለ። በየቀኑ! “እኔ ፊት ቢውጥስ?” ብል አይሆንም አሉኝ። አንድም ቀን ሳልቀር አብሬው ተመላለስኩ።

ሞላ ዳነ። ዛሬ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ዝናሽን መንገድ ላይ ሳገኛት ጉንጯን ስሜ እመርቃታለሁ፤ ባሌን ያተረፈችልኝ እሷ ናት። ሰላምታቸው ትንሽ ከረዘመ ግን ክንዱን እጎትተዋለሁ።

እሱም ተምሯል። ጉንፋን እንኳ ሲይዘው በቅሎዋን ሳያስር ከደጅ ሆኖ “አንች፣ አሳለኝ!” ብሎ ይጣራል። አሁን መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ።