የጭብጨባው ቦታ

ባለፈው ወር ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ፣ ቡኢን አልፈን ጥያ ልንደርስ ስንል፣ መኪናውን የሚነዳው ልጄ ስልኩ ላይ አንድ የመድረክ ሙዚቃ ከፈተ። ጊታር ነው። አንቺሆዬን አንስቶ ትንሽ እንደሄደ መንገዱን ይለቅና ወደ ጃዝ ይገባል፣ ከበሮው እያለከለከ ይከተለዋል፣ ጠፋ ስንለው ደግሞ ከየት መጣ ሳይባል እዚያው አንቺሆዬው ላይ ቁጭ ይላል። ልጄ «የድሮ ነው፣ እማዬ፣ አታውቂውም» አለኝ። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ፣ እንደ ልጅ አፈርኩ።

ያን አልበም ያወቅሁት በመምህር ዓለሙ ካሴት ነው። መምህር ዓለሙ ጎጃሜ ናቸው፤ ቡታጅራ ተመድበው ጂኦግራፊ ያስተምሩን ነበር፣ የሚኖሩትም ከእኛው ግቢ አንዷን ክፍል ተከራይተው ነው። እናቴ በርበሬ ትነግድ ስለነበር በወቅቱ ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ይሆናል፤ እሳቸው ሱሪያቸውን ከፍ አድርገው፣ በየእርምጃው እያስነጠሱ፣ ለእያንዳንዱ ማስነጠስ እናቴን ይቅርታ እየጠየቁ ያልፋሉ። ሲናገሩ ቃል ይጎትታሉ። እኛ ጉራጌኛ የተጫነውን አማርኛችንን ይዘን በእሳቸው አማርኛ እንስቅ ነበር፤ እሳቸው በእኛ አንድ ቀንም አልሳቁም።

ቅዳሜ ከሰዓት የደከሙ ባትሪዎቻቸውን ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ያሞቁና፣ ቴፑን ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው የግቢውን ልጆች ይጠሩናል። እናቴ መጀመሪያ የሰማች ቀን «ሰውየውን ከጊታሩ ጋር ምን አጣላው?» ብላ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን እሷም በርበሬዋን እየቀነጠሰች ጆሮዋን ጣል ማድረግ ጀመረች። መምህር ዓለሙ ጊታሩ ሲሮጥ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሙዚቃው አልቆ አዳራሹ ሲያጨበጭብ ደግሞ ዓይናቸውን ይገልጡና ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ለጭብጨባ ድምፅ የሚጨምር ሰው ከእሳቸው በቀር አላየሁም። ይህንንም ከሚያስቁን ነገሮቻቸው ጋር ቆጠርነው።

አንድ ሳምንት ፈተና ለማረም እምድብር ሲሄዱ ቁልፋቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ሙዚቃውን እንደምወደው ያውቃሉና «ስትፈልጊ ስሚ» ብለው። ጓደኛዬ ራሕመት መጣች። ያን ጊዜ ራሕመትን ከማሳቅ የሚበልጥ ደስታ አልነበረኝም፤ እሳቸውን ሆኜ ሳስተምር፣ ቃል ስጎትት፣ በየመካከሉ ሳስነጥስ «ወላሂ ራሳቸው ናቸው» እያለች ትንከባለላለች። ይህንንማ መቅዳት አለብን አልን። ባዶ ካሴት የለም። ስለዚህ በእሳቸው ካሴት ጀርባ ላይ፣ እንዳይቀዳበት የተሰበሩትን ሁለት ቀዳዳዎች በደብተር ወረቀት ጠቀጠቅሁና፣ ሙዚቃው እንዳይነካ ተጠንቅቄ እስከ መጨረሻው ሰምቼ፣ ልክ ጭብጨባው ሲጀምር ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ። ጭብጨባ ምን ይጠቅማል? የከተማችን ሙዚቃ ቤቶች እንኳ ሲቀዱ ክር ለመቆጠብ ቆርጠው ይጥሉት ነበር። ስቀን ስንጨርስ ድምፄን ላጠፋው ስል ባትሪው ደከመ። ነገ አጠፋዋለሁ አልኩ፤ ነገም ረሳሁት።

ቅዳሜ ከእምድብር ብስኩት ይዘውልን፣ አዲስ ባትሪ ገዝተው ተመለሱና እንደ ልማዳቸው ጠሩን። የሚመጣውን የምናውቀው እኔና ራሕመት ብቻ ነን። ተነሥቼ ልጠፋ ፈለግሁ። ጊታሩ አለቀ፤ እጃቸውን ሰደው ድምፁን ከፍ አደረጉ፤ እየጎተተ፣ እያስነጠሰ የእኔ ድምፅ ግቢውን ሞላው። እናቴ ከበርበሬው ላይ ተስፈንጥራ ተነሣች። እሳቸው በእጃቸው እንድትቆይ ምልክት ሰጥተው፣ እስኪያልቅ ድረስ ሰሙትና ዘጉት።

«ይተዉአት፣ እትዬ ዘነበች፣ ልጅ ናት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ምንም ሳይቆጡ፣ «ድምፄንስ በደንብ ይዘሽዋል። ግን እዚህ ጋ ወንድሜ ነበር» አሉኝ።

ነገሩን በማግስቱ ለእናቴ አጫወቷት፣ እናቴም ለእኔ። ጊታሪስቱ አዲስ አበባ መድረክ ላይ ሲቀዳ ታናሽ ወንድማቸው አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ በጭብጨባው መሃል «አንዴ ድገመን፣ በእናትህ» ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። ከዚያ ዘመተ፤ ሳይመለስ ቀረ። እግራቸው ላይ መውደቅ ሲገባኝ ተደበቅሁ። ሰላም ሲሉኝ እንኳ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ዓመቱ አልቆ ወደ አገራቸው ሲዛወሩ የግቢው ሰው ሁሉ ሊሸኛቸው መናኸሪያ ወረደ፣ እኔ ራሕመት ቤት ተቀምጬ ዋልኩ።

ጥያ ስንደርስ ልጄን መኪናውን እንዲያቆም ነገርኩት። ሙዚቃው አለቀ፣ አዳራሹ አጨበጨበ፣ አንድ የጎረምሳ ድምፅ «አንዴ ድገመን፣ በእናትህ» አለ። ለካ አንድ ሰው ዋናውን ካሴት ሳይቆርጥ ከሰባት ዓመት በፊት ኢንተርኔት ላይ ጭኖት ኖሯል።

የመምህር ዓለሙን ስልክ ወልቂጤ ያለ የክፍል ጓደኛችን ከሰጠኝ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በየበዓሉ ልደውል አስቤ በየበዓሉ አፍሬ ትቼዋለሁ፤ ምን ብዬ እጀምራለሁ? ያን ቀን ግን የምሰጣቸው ነገር አገኘሁና መንገድ ዳር ቆሜ ደወልኩ። ልጃቸው አነሣች። ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳገኘሁ ነግሬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንድታደርግላቸው ለመንኳት። እሷም «አባባ እኮ መስማት ካቆመ ሁለት ዓመቱ ነው። ቆይ፣ ጽፌ ላሳየው» አለችኝ።

ቆየሁ። ከወዲያ በኩል ያረጀ ድምፅ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ «እሷስ ሰማችው ወይ በያት» ሲል ደረሰኝ። አዎ፣ ሰማሁት አልኩ። እኔ በሐፍረቴ ከተቀመጥኩባቸው ስድስት ዓመታት በመጀመሪያዎቹ አራቱ፣ ቀና ብዬ ፈልጌ ብደውል ኖሮ፣ እሳቸውም ይሰሙት ነበር።