የታቢታ ግለሂስ

ታቢታ መሃል ከተማ ባለ አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ የቤቶች መዝገብ ያለበትን ኮምፒውተር የምትጠብቅ ባለሙያ ነበረች። ጊዜው 2009 ዓ.ም. ነው። ፎቅ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች በፍላሽ በሚመጣ ቫይረስ ሲተራመሱ የእሷ ደህና ነበር፤ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭናበታለች። ስትጭነው "አንቺ የሌለሽ ቀን ማን ሊከፍተው ነው?" ብሎ ያላጉረመረመ አልነበረም። እሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ፋይል ሳይጠፋባት በመቆየቷ ትኮራ ነበር፤ ያውም በደንብ አድርጋ።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ፈርምዌሩን ልታድስ ተነሳች። ፈርምዌር ኮምፒውተሩ ሲበራ ሊኑክስን የሚቀሰቅሰው፣ ማሽኑ ውስጥ የተቀበረ ፕሮግራም ነው። እሱ ከተበላሸ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆንም ማሽኑ አይነሳም። አዲሱን ፋይል ፒያሳ ካለ ኢንተርኔት ቤት በጥድፊያ በፍላሽ አውርዳ ነበርና ፍላሹን ሰካች፣ ትእዛዙን ጻፈች። ማሽኑ የሆነ ነገር ጠየቃት፤ ማሽን የማይጠይቀው ነገር የለምና እስከ መጨረሻው ሳታነብ እሺ አለችው። እድሳቱን ሊጨርስ ራሱን አጥፍቶ መነሳት ሲጀምር ስልኳ ጠራ። የኃላፊው የአቶ ገብረየስ ፕሪንተር ወረቀት ጎርሶ አልተፋም ብሏል። ወጣች፤ ፕሪንተሩን አስተካክላ ከዚያው ምሳ ሄደች።

ጽሕፈት ቤቱ የራሱ ደንብ አለው። ድሮ አንዱ ምድጃ ሶኬት ላይ ረስቶ ሕንፃውን ሊያቃጥለው ስለነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ የምድር ቤቱ ብሬከር ይዘጋል። የሚዘጉት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አስማ ናቸው፤ ከመዝጋታቸው በፊት የኮምፒውተር ክፍሉን መጠየቅ አለባቸው። የዚያን ቀን የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ስድስት ተኩል ላይ ዘጉት፤ ታቢታ ሰባት ተኩል ላይ ተመልሳ ስትከፍተው የማሽኑ ድምፁ አለ እንጂ ነፍሱ የለም። ስክሪኑ ጥቁር ነው።

በማግስቱ ዓርብ ግምገማ ነበር። ታቢታ ስትጠየቅ ያመነችውን ተናገረች። "እድሳት ላይ እያለ መብራት ከተቋረጠበት እንዲህ ይሆናል" አለች።

እትዬ አስማ ከኋላ ወንበር ተነሱ። አሥራ አንድ ዓመት በኮንትራት ያገለገሉ፣ በስብሰባ ላይ ግን ድምፃቸው ተሰምቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። "እኔ ስገባ ስክሪኑ ጠቁሮ ነበር" አሉ። "የጠፋ መስሎኝ ነው የዘጋሁት።"

ታቢታ ክፋት አላሰበችም፤ ሙያዋ ስለሆነ ብቻ ማብራሪያ ሰጠች። "ስክሪን ዝም ብሎም ይጠቁራል፣ እትዬ አስማ። ማሽኑ ውስጡ እየሠራ ነው የሚሆነው።" አንዳንዱ ሳቅ አለ። እትዬ አስማ ተቀመጡ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ሙክታር ነገሩን "ከግዴለሽነት አመለካከት የመነጨ" ብሎ ጻፈው። አቶ ገብረየስ የወይዘሮ አስማ ውል በወሩ መጨረሻ ሲያልቅ እንደማይታደስ አሳወቁ። ተጨበጨበ፤ ሰው ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚያ ታቢታ ማሽኑን ለማንሳት ዘጠኝ ቀን ታገለች። ሆዱን ከፍታ የሰዓት ባትሪ የምታክለውን ክብ ባትሪ አወጣች፣ ጠብቃ መለሰች፤ ወይ ፍንክች። ሚሞሪውን ነቅላ ሰካች። በመጨረሻ ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ እንደገና አውርዳ፣ ፍላሽ ላይ አድርጋ፣ ሁለት ቁልፍ በአንድ ላይ ተጭና አበራችው። ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑ ብልጭ አለ፣ ሊኑክሱ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የይለፍ ቃል ጠየቃት። ብቻዋን እየሳቀች ወንበሯ ላይ ዞረች።

ምን እንደጠፋ ለማየት ማሽኑ ስለ ራሱ በየሰከንዱ የሚጽፈውን መዝገብ ከፈተች። የጠፋ አልነበረም። ሐሙስ አምስት ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ግን "ይህ ፋይል ለዚህ ሞዴል አይደለም" የሚል መስመር አለ። ከሥሩ፣ በግድ ይጫን ወይ ለሚለው የሰጠችው የራሷ እሺታ። አምስት ከአርባ ሰባት ላይ ማሽኑ ሊነሳ ራሱን አጠፋ። እድሳቱ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም፤ በደህና ቢጨርስ አምስት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ላይ ተነስቶ መጻፍ ይጀምር ነበር። ከአርባ ሰባት በኋላ ግን አንዲት መስመር የለችም። ብሬከሩ ሲዘጋ ማሽኑ ከሞተ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። እትዬ አስማ ጠቁሮ ነበር ያሉት እውነታቸውን ነበር።

ያን መዝገብ ማንበብ የሚችል ሰው በሕንፃው ውስጥ እሷ ብቻ ናት። የይለፍ ቃሉም የእሷ ብቻ ነው። አንድ አጭር ትእዛዝ ብትጽፍ እስከ ዘላለሙ ይጠፋል፤ ባትጽፍም የሚያየው የለም። አላጠፋችውም። ግን አልተናገረችምም። ሦስት ቀን እየከፈተች ስታየው፣ እየዘጋች ስትቀመጥ ሰነበተች። እትዬ አስማ በሯ ላይ ሲወለውሉ ሥራ የበዛባት መስላ ፊቷን ስክሪኑ ውስጥ ትቀብር ነበር። ሐፍረት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

በአራተኛው ቀን ገጹን አትማ አቶ ገብረየስ ዘንድ ወጣች። ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። "እንግሊዝኛ ነው እንዴ ይሄ?"

"የማሽኑ መዝገብ ነው፣ አቶ ገብረየስ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የወይዘሮ አስማ ውል ሳያልቅ..."

"የግምገማ ነገር በግምገማ ነው" አሉ ወረቀቱን እየመለሱ። "ለሚቀጥለው መድረክ ያዢው።"

የሚቀጥለው መድረክ የሩብ ዓመቱ ማጠቃለያ ነበር፤ ወሩ ግን ቀድሞ አለቀ። ታቢታ ተራዋ ሲደርስ ተነስታ ሁሉንም ነገር አንድ ሳታስቀር ተናገረች፦ ማስጠንቀቂያውን ሳታነብ ማለፏን፣ በእርግጠኝነት መመስከሯን፣ እትዬ አስማን ዝም ማሰኘቷን። ስትጨርስ ተጨበጨበ።

"ግለሂስ ማለት ይህ ነው" አሉ አቶ ገብረየስ። "በአርአያነት ይመዝገብ። ዘጠና አራት ነጥብ ትገባታለች።"

"የወይዘሮ አስማስ ጉዳይ?"

"እሱ ያለፈው መድረክ ነው፤ ተገምግሞ ተዘግቷል። የተዘጋውን እየከፈትን የት እንደርሳለን? ውጤቱን ትቀበያለሽ?"

"አልቀበልም" አለች።

ሰዉ እርስ በርስ ተያየ። ሙክታር እጁን አወጣ። "ይህ ራሱ ትሕትና ነው። ሁለት ነጥብ ይጨመርላት።" በአድናቆት እጅ ያላወጣ አልነበረም። ዘጠና ስድስት ተብሎ ተጻፈ። ታቢታ ጩኺ ጩኺ አላት፤ ብትጮህም የሚጽፉላት ነገር እንደማያጡ ገባት፣ ቁጭ አለች።

ሰኞ ጠዋት እትዬ አስማ በሯን አንኳኩ። በእጃቸው ከሥራ የሚለቅ ሰው በየክፍሉ የሚያስፈርመውን የክሊራንስ ወረቀት ይዘዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

"እትዬ አስማ፣ ይቀመጡ። የምነግርዎት አለኝ" አለች ታቢታ። "ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ሳይሆኑ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ እኮ፣ ልጄ። ስገባ ጠቁሮ ነበር" አሉ እትዬ አስማ። "ነግሬሽ ነበር።"

አሮጊቷ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርገው፣ የእሷ ክፍል የሚፈርምባትን ባዶ መስመር በጣታቸው አሳዩዋት።

"በይ ፈርሚልኝ። ፎቅ ያለው ንብረት ክፍል ሳይዘጋብኝ።"

ታቢታ ፈረመችላቸው።