ኮሶ የጠጣች ልጄን ይዤ፣ ከቡሬ ገጠር እስከ ፍኖተ ሰላም

ንጋት፣ ከቤት

ኩባያውን ዘረጋሁላት። ትርንጎ እጇን ሰደደችና ከኩባያው ጎን አየሩን ጨበጠች። ደግማ ሰደደች፤ አሁንም አየር። ውሃው እጄ ላይ ፈሰሰ። አጥርታ እንደማታይ ያወቅሁት ያኔ ነው።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደህና ናት ብዬ ነበር። ትናንት በማለዳ ኮሶ ጠጥታ ቀኑን ሙሉ ሲያስቀምጣትና ሲያስመልሳት ዋለ። ኮሶ ያዳክማል፣ ያለ ነው፤ እኛም በልጅነታችን ጠጥተን፣ ወድቀን ውለን ተነሥተናል። ዓይን ይነካል ያለን ግን የለም።

ትርንጎ ልጄ ናት፤ አሥረኛ ጨርሳለች። በሽታዋ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል፤ ስሙን አፌ የለመደው በስንት መከራ ነው። የገዛ ሰውነቷ ዘብ የነርቯን ልባስ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይበላዋል ብለው ነው ያስረዱን። አንዴ ግራ ዓይኗን፣ አንዴ እግሯን ይዟት ለቋታል። በየቀኑ እንክብል ትውጣለች። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ በጨዋታ መሐል፣ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች በዚህ በሽታ ላይ እጅ ሳይኖራቸው አይቀርም፣ እየተጠና ነው ብላት ነበር። ትርንጎ ይህን ለአክስቷ ነገረች። አክስቷ የባለቤቴ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ሁላችንም እቴቴ እንላቸዋለን። እቴቴ፣ የሆድ ተባይ ከሆነማ መድኃኒቱ ከደጃችን ቆሞ የለም ወይ ብለው ኮሶውን ራሳቸው ወቀጡ፣ ራሳቸው በጠበጡ። እኔም እሺ አልኩ።

አባቷ እስከ መኪና መንገድ አዝሏት ወጥቶ ለኔና ለእቴቴ አስረከባት። ጥቅምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ጤዛው ቀሚስ ያርሳል። እቴቴ በጥድፊያ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰውት ኖሯል፤ እንደ ለቅሶ፣ ቀዩ ጥለት አንገታቸው ሥር። አየሁና ብናገር ክፉ ነገር የምጠራ መሰለኝ።

ቡሬ

ባጃጁ ጉድጓድ ባየ ቁጥር እየቆመ ቡሬ አስገባን። የገበያ ቀን ነው። የበርበሬ ጆንያ የጫነ አህያ መንገዱን ሞልቶታል፤ ሰው ሁሉ ያነጥሳል። እዚያም ሐኪም ቤት አለ፤ እኔ ግን ልጄን የምታውቃት ሐኪም ፍኖተ ሰላም ናት፣ መንገዱም አስፋልት ነው ብዬ ወደ መነኻሪያ አልኩ። ትርንጎ ውሃ አማራት። ጠጣች፣ ወዲያው መለሰችው።

ሚኒባስ እስኪሞላ እቴቴ ክንዴን ይዘው ወደ ግንቡ ጥግ ወሰዱኝ።

"ሐኪሟ ብትጠይቅሽ ኮሶ አትበይ።"

"ታዲያ ምን ልበላት?"

"ምች በይ። የአበሻ መድኃኒት አጠጡ ከተባለ ያንን እንክብል ይከለክሏታል። ስንት ደጅ ጠንተን ያገኘነውን።"

እውነት መሰለኝ። ያ እንክብል በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ አይደለም። ሲቋረጥባት ምን እንደምትሆን አይቻለሁ።

የኋላውን ወንበር ይዘን ትርንጎን ጭኔ ላይ አስተኛኋት። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ ልጅቱ ምን እንደሆነች ጠየቀኝ። እቴቴ ቀደሙኝ፤ ምች ነው አሉ። ሹፌሩም፣ "ምች ከሆነማ ዳማከሴ አሽቶ ማጠጣት ነው እንጂ፣ እናቴ፣ ሆስፒታል ምን ይሠራል?" አለ።

ትርንጎ ዓይኗን እንደጨፈነች፣ "ሌላ ቅጠል ከመጣ እዚሁ እወርዳለሁ" አለች። መኪናው በሙሉ ሳቀ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው ረጅሙ ነገር ይኸው ነው።

ማንኩሳ

ሹፌሩ ጆንያ ሊጭን ቆመ። ከመንገዱ ዳር የበርበሬው ማሳ ቀልቷል። አንድ ሰው የተባይ መድኃኒት መርጫ አዝሎ በመሐሉ ይመላለሳል፤ ሽታው መኪናው ውስጥ ገባና መስኮቱን ዘጋሁ። አምና ጎረቤታችን በርበሬው ትል ቢገባበት እንዲሁ ረጨ። ትሉ አለቀ። ሰንበት ብሎ የኛን ንቦች ከየቀፎው ሥር ተከምረው አገኘናቸው። ዘንድሮ የዝክሩን ማር ከገበያ ነው የገዛነው።

ትርንጎ ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። በርበሬው ደርሷል ወይ አለችኝ። ቀልቷል አልኳት።

"ለኔ አመድ ነው የሚመስለኝ፣ እማ።"

እቴቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።  እኔ ኮሶ ብል ምን ይመጣል፣ ምች ብል ምን ይመጣል ስል መንገዱ አለቀ።

ፍኖተ ሰላም፣ ረፋድ

ሐኪሟ ወጣት ናት። ትርንጎን በስሟ ጠራቻት፤ ዓይኗ ውስጥ መብራት አበራች፣ ጉልበቷን በመዶሻ ነካ ነካ አደረገች። በሽታው ሳይመለስባት አልቀረም፣ ኃይለኛውን መድኃኒት መጀመር ሊኖርብን ነው አለች ለነርሷ። ቀጥላ ወደኔ ዞረች፤ አዲስ የወሰደችው ነገር አለ ወይ?

"ምች ነው፣ የኔ ልጅ" አሉ እቴቴ። ክርናቸው ጎኔን ወጋኝ።

"ኮሶ ጠጥታለች" አልኩ። "ትናንት ጠዋት። እንክብሏን ብቻ እንዳይከለክሏት። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ማን ይከለክላታል፣ እናቴ? እንኳን ነገሩኝ።"

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችን። ሰውነት ውሃው ሲያልቅ የድሮው የነርቭ ቁስል እንደ አዲስ ይነሣል፤ ኮሶም ራሱ ሲበዛ ዓይን ይጎዳል። ሐኪሟ ይህን ባታውቅ ኖሮ የሰውነትን ዘብ የሚያደክመውን መድኃኒት በዚህ በደከመ ገላ ላይ ልትጨምር ነበር። አሁን ግን በቅድሚያ ጉሉኮስ፣ ከዚያ የደም ምርመራ፣ ዓይኗንም መከታተል። የሆዱንም ነገር ነገረችን። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁሉ ጠላት አይደሉም፤ ዘቡን ረጋ በል የሚሉም አሉባቸው። የዚህ ሕመም ታማሚዎች ባክቴሪያ ከጤነኛው ለየት እንደሚል ታይቷል፤ የቱ ምን እንደሚሠራ ግን ተጣርቶ አላለቀም። ስለዚህ እንክብሉን የሚተካ ነገር ከዚያ ገና አልወጣም። ሁሉንም ጠርጎ ማውጣትማ ጭራሽ አይሆንም።

"እንግዲያ ከትሉ ጋር ንቡንም ረጭተናላ" አልኳት።

የገበሬ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፤ ወዲያው ገባት። "እንደዚያ ነው። ግን ቀፎው ባዶ አልቀረም። ሲሻላት ባቄላውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን ትብላ፤ እነሱም ይመለሳሉ። ምግቡ ግን የእንክብሉ ምትክ አይደለም።"

እቴቴ ግድግዳውን ነበር የሚያዩት።

ፍኖተ ሰላም፣ አመሻሽ

ጉሉኮሱ አልቆ ሌላ ተተካ። ትርንጎ አጥሚት ቀመሰች፤ አልመለሰችውም። እቴቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ከእግርጌዋ ቁጭ ብለው እግሯን ያሻሉ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ወድቃለች። ትርንጎ ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

"እቴቴ፣ ማን ሞቶ ነው?"

"ምነው ልጄ?"

"ነጠላዎን አዘቅዝቀዋል። ቀዩ ጥለት ከላይ ነው።"

እቴቴ ወደ ደረታቸው አዩ። ተነሡና ነጠላውን ገፈው ፊታቸውን አዙረው መልሰው ለበሱት፤ ጥለቱን ወደ ታች። ለመልበስ ብዙ ቆዩ።

ሐኪሟ ስትመጣ ነገርኳት። ቀይ ማየቷ ደግ ነው፣ ግራ ዓይኗ ገና ብዥ ይልባታል፣ ጥቂት ቀን እናቆያታለን አለች። እንክብሏንም በእጄ ሰጠችኝ። ባለቤቴ ዘንድ ደወልኩ፤ ደርሰናል፣ ልጅህ ታያለች፣ ተርፋለች አልኩት።