ቀድሞ የሚሻገር የጠፋበት ወንዝ

እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቴ አጠገቧ አልነበረችም። የእኅቴ ቤት ከእኛ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ወንዟን ተሻግሮ ዳገቷን መውጣት ብቻ። ወንዟ ግን የሁለት ወረዳ ወሰን ናት፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከወዲህም ከወዲያም የሚሻገር ሰው አልነበረም።

የጠቡ ምክንያት ግጦሽ ነው። ክረምቱ በርትቶ ወንዟ መንገዷን ስትለውጥ የእኛ የነበረ መስክ ማዶ ቀረ። እኛ «መስኩ የአባቶቻችን ነው» አልን፤ እነሱ «ወሰኑ ወንዙ ነው» አሉ። ኅዳር ላይ ከብቶቹን ሊመልስ የሄደ ጎረቤታችን በዱላ ተመታና ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ወጌሻ ቢያየውም ክንዱ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከዚያ ወዲህ የማዶ ሰዎች በእኛ መንደር ላለማለፍ ይጁቤ ገበያ ለመውጣት ግማሽ ቀን ሙሉ ይዞሩ ጀመር፤ እኛም እነሱ ዘንድ ያለውን ወፍጮ ትተን እህላችንን በአህያ ሩቅ አገር ድረስ እንልክ ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ደብረ ወርቅ ቅኔ የተማሩ። ለእርቁ ከተመረጡት ሽማግሎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። ሽማግሎቹ ሦስት ጊዜ ወንዝ ወረዱ፤ ሦስቱንም ጊዜ ነገሩ በአንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፦ ማን ቀድሞ ይሻገር? ቀድሞ የተሻገረ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠራል። ስለዚህ እነዚያ በማዶ፣ እነዚህ በወዲህ ቆመው ሲጯጯሁ ይውሉና ይበተናሉ። አባቴ ድምፃቸው ተዘግቶ ይመለሱ ነበር። እናቴ ምንም ሳትጠይቅ ውኃ ታቀርብላቸዋለች፤ መልሱን ከፊታቸው ታነበዋለች።

እኔ የምሠራው በወረዳችን የጸጥታ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሚያዝያ ላይ «በአስቸኳይ እልባት ይሰጠው» የሚል ደብዳቤ ከበላይ መጣ። ኃላፊዬ ከማዶው ወረዳ ኃላፊ ጋር ተነጋገሩና በወንዟ መካከል በጋው ባደረቀው ጠጠር ላይ ድንኳን ተተከለ። ቦታው የማንም ስላልሆነ የመሻገር ጥያቄ ቀረ። ይህን መንግሥት አሳምሮታል፤ አባቴም አደነቁ።

ችግሩ የመጣው ከወረቀቱ ነው። የስምምነቱን ጽሑፍ ሁለቱ ኃላፊዎች አስቀድመው አዘጋጅተውት ነበር፤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ሲነበብ ክንዱ የተሰበረው ጎረቤታችን ከኋላ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። «ሁለቱ ወገኖች ያለፈውን በመተው» ከሚለው ላይ ሲደረስ ጋቢውን በግራ እጁ ሰብስቦ ተነሣና ወጣ። ወንድሞቹ ተከተሉት። እነሱ ሲወጡ የማዶዎቹም ተነሡ። ወንበሩ ብቻ ቀረ። እኔም በመዝገቡ ላይ «ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ» ብዬ ጻፍኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ጎደለ?»

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና «ወሰን የሚለው ቃል ስንት ጊዜ አለ?» አሉኝ።

ቆጠርኩ። «አሥራ አንድ ጊዜ።»

«የተመታው ሰውስ?»

ገልብጬ አየሁ። አንድም ቦታ የለም። አፈርኩ፤ የተየብኩት እኔ ነኝና።

«እንግዲያ የጎደለው ወሰን ሳይሆን ወሳኙ ሰው፣ ያ የተበደለው ነው» አሉ አባቴ። «እሱን ጠይቆ መስማት ደግሞ የሽማግሌ ሥራ ነው፤ ሂጂና ለአለቃሽ ንገሪ።»

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። ኃላፊዬ ቁጡ ሰው ናቸው። ነገርኳቸው።

«ምን ይደረግ ነው የምትይው?»

«ሽማግሎቹ ይምሩት። እርስዎ ከኋላ ሆነው ይስሙ።»

«መንግሥት ከኋላ ሲቀመጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

ኃላፊዬ ስልካቸውን አንሥተው እኔ እዚያው ቆሜ ለማዶው ኃላፊ ደወሉ። «ወረቀታችንን እንተወው» አሏቸው። «አንብበን ሰው አስነሣን እንጂ አላስታረቅንም።»

ግንቦት ላይ በድጋሚ ወረድን። ሁለቱ ኃላፊዎች ከሕዝቡ መካከል ገብተው ጠጠሩ ላይ ተቀመጡ። አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና ስለ መስኩ ምንም ሳያነሡ ወደ ተመታው ሰው ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ መስክ አልጠየቅሁም፣ አባ» አለ። «ማን እንደመታኝ አውቃለሁ። በአፉ ‹እኔ ነኝ› ይበለኝ። እርሻም ደርሷል፤ በዚህ ክንድ ሞፈር መጨበጥ አልችልም።»

በመጨረሻ ከማዶዎቹ መካከል አንድ ቀጭን ሰው ተነሣ። ሁልጊዜ ሳስበው ግዙፍና ክፉ ሰው አድርጌ ነበር የሣልኩት። ከጠጠሩ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ጫንቃው ላይ አደረገና ጎንበስ ብሎ መጣ።

«እኔ ነኝ። ዘንድሮ በራሴ በሬዎች አርስልሃለሁ» አለ።

ጎረቤታችን ለአፍታ አየው። ከዚያ በግራ እጁ ድንጋዩን ገፍቶ ጣለለት። ሽማግሎቹ በአንድ ድምፅ «ተመስገን» አሉ። ስለ መስኩ ለመስማማት ከዚያ በኋላ ብዙ አልፈጀም፤ ባለሙያ መጥቶ እስኪለካው ሁለቱም ወገኖች ከብት ያሰማሩበት ተባለ። ቃለ ጉባኤውን እዚያው በእጄ ጻፍኩት። ኃላፊዎቹ ከሽማግሎቹ በታች በምስክርነት ፈረሙ።

በማግሥቱ እናቴ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ አስይዛኝ ወንዟን ተሻገርን። ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። የእኅቴ ልጅ ሦስት ወር ሞልቶት ነበር። እናቴ ተቀብላ አቀፈችውና «አንገቱ ጠንቷል» አለች። መደቡ ላይ እንደተቀመጠች ልጁን በደረቷ ይዛ እንቅልፍ ወሰዳት። እኅቴ ልትቀሰቅሳት ስትል «ተያት» አልኳት። ገንፎውን ሠርተን ሁለታችን በልተን ጨረስነው፤ እናቴ ገና አልነቃችም።

ባለሙያው እስካሁን አልመጣም፤ ማንም ሲያስታውሰው አልሰማሁም። ሰኔ ላይ በጎረቤታችን ማሳ በኩል ሳልፍ ሁለቱ ሰዎች ከዛፍ ሥር ምሳ ይበሉ ነበር። ብዙም አያወሩም። በሬዎቹ ግን ከግማሽ በላይ ማሳ አርሰው ጨርሰው ነበር፤ ጎረቤታችንም እንጀራውን ወደ ሰውየው በኩል ገፋ አደረገለት።