የረቡዕ ከሰዓቷ ሕመምተኛ

ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ትንሽ ክሊኒክ ጽዳት ሆኜ እሠራለሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሽተኛ ስለሚቀንስ፣ ክሊኒኩን የሚመራው ጤና መኮንን ሬዲዮውን ከመደርደሪያ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ያደርገዋል። ፕሮግራሙ እንደኔ ላለ ሰው የተዘጋጀ አይደለም። ሐኪሞች ለሌሎች ሐኪሞች የሚያወሩበት ነው፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ስለሆንኩ፣ ከመሃል «ጉበት»፣ «ትኩሳት»፣ «እርጉዝ» የሚሉትን ብቻ እየለቀምኩ ወለሉን እወለውላለሁ።

ፕሮግራሙ አንድ ልማድ አለው። መጀመሪያ አንድ በሽተኛ ይቀርባል። ስሙ አይጠራም፤ ዕድሜው፣ ሥራውና ምልክቶቹ ብቻ ይነገራሉ። ከዚያ በየጤና ጣቢያው ያሉ ባለሙያዎች እየደወሉ በሽታውን ይገምታሉ። ትክክለኛው መልስ የሚነገረው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የኛ ጤና መኮንንና ሲስተር ሁልጊዜ በለስላሳ ይወራረዳሉ።

«ባለፈው ተሸንፈህ የጋበዝከኝ ለስላሳ ጣዕሙ ገና ከአፌ አልጠፋም» ትለዋለች ሲስተር።

«ሲስተር፣ እሱ ዕድል እንጂ እውቀት አይደለም።»

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እስቃለሁ። እነሱ ፊት መሳቅ አፍራለሁ።

የዚያን ረቡዕ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። የሬዲዮው ሐኪም እንዲህ ሲል ሰማሁ፦ «ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። የመጣችው ከአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉ ከተሞች ነው። ሥራዋ ጽዳት ነው። አንገቷ ላይ ከወራት በፊት የወጣ፣ የማያም እብጠት አላት። ሌሊት ያልባታል። ከስታለች።»

እጄ ሳላዘው ሻርፔን ያዘ። ከሥሩ ያለውን የማውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። በጥር ወር ባቄላ ያህል ነበር፤ አሁን አድጎ ጎኑ ላይ ሌላ ጨምሯል። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አይተውኛል» የሚል ነው። ሲስተር ልብስ ስቀይር አይታኝ ደውላ ነግራቸዋለች ብዬ አሰብኩ። ዞሬ ሳያት ግን አገጯን በእጇ ደግፋ ስለ ውርርዱ እያሰበች ነው። እኔ መኖሬንም የረሳች ትመስላለች።

ደዋዮቹ ቀጠሉ። አንዱ ቲቢ ነው አለ። ሌላዋ ሊምፎማ አለች።

«ሲስተር፣ ሊምፎማ ምንድን ነው?»

«የእጢ ካንሰር ነው የኔ እናት። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

«እኔ ሊምፎማ ብያለሁ» አለ ጤና መኮንኑ፣ የኳስ ውጤት እንደሚገምት ሰው።

«ቲቢ! ለስላሳውን አሁኑኑ አስቀዝቅዝ» አለች ሲስተር።

ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። ጓሮ ውኃውን ደፍቼ ሻርፔን አጥብቄ አሰርኩት።

ያቺ ልጅ እኔ እንዳልሆንኩ ማታ ቤቴ ሆኜ ሳስበው ገባኝ። እኔን ማንም አልመረመረኝም። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ዕድሜያችን አንድ፣ ሥራችን አንድ፣ እብጠታችን አንድ፤ እንግዲህ መልሳችንም አንድ ነው ብዬ ደመደምኩ። የሷን መልስ ከሰማሁ የኔን ሰማሁ ማለት ነው። ለጤና መኮንኑ አንገቴን ባሳየው መርፌ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። እናቴ ደግሞ ከተፍኪ ወጣ ብሎ ካለው ቤታችን ስሰናበታት አስጠንቅቃኛለች። «ንፍፊት ነው፣ በራሱ ይጠፋል። ብቻ ሐኪም በመርፌ እንዳይወጋው። እጢ ከተነካ ይቆጣል።» ከዚያ ደግሞ «ሂንቱቂን!» አለችኝ። አትንኪው ማለቷ ነው፤ ስትፈራ የሚቀድማት ኦሮምኛው ነው። አንድ ጎረቤታችን አንገታቸውን ከተወጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ነው የሞቱት።

ሳምንቱን በሙሉ የጸለይኩት አንድ ጸሎት ነው፦ ሲስተር እንድታሸንፍ።

ረቡዕ ሲደርስ አንዱን ክፍል ሁለት ጊዜ ወለወልኩት። ፕሮግራሙ ጀመረ፣ ስለ ልጅቷ የተባለው ተደገመ፣ የደወሉት ተመሰገኑ። «እንግዲህ ወደ መልሱ ስንመጣ...» ሲል በሩ ተበረገደ። ባጃጅ ተገልብጦበት እግሩ የተቀደደ ሰው ሰዎች ተሸክመው ገቡ። ጤና መኮንኑ እየተነሣ ሬዲዮውን ዘጋው። ሰውየው እየጮኸ፣ ደሙ እየፈሰሰ፣ እኔ ምነው ትንሽ ዘግይተው በመጡ ብዬ ተመኘሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰውየው ተሰፍቶ ወደ ሆስፒታል ከተላከ በኋላ ሬዲዮው ሲከፈት ማስታወቂያ ላይ ነበር።

«አመለጠን። እኩል ወጥተናል» አለች ሲስተር።

«ዶክተር...» አልኩ። ሳይጠሩኝ መናገሬ የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። «ለሬዲዮው ደውለው መልሱን ቢጠይቁልኝስ?»

ጤና መኮንኑ እጁን እየታጠበ ሳቀ። «አንቺም ተወራርደሻል እንዴ? በማን ነው ያስያዝሽው?»

ሻርፔን ፈታሁት።

«በስመአብ! አንቺ ልጅ!» አለች ሲስተር። ጤና መኮንኑ ባልደረቀ፣ በቀዘቀዘ እጁ አንገቴን ዳሰሰው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጥር።»

«ከጥር ጀምሮ? እዚሁ እየሠራሽ?» ድምፁ የቁጣ አልነበረም። እሱም የፈራ መሰለኝ።

«የሷ መልስ ምን ሆነ?»

«የሷ መልስ የሷ ነው። ያንቺን የምናውቀው በመርፌ ናሙና ሲወሰድ ነው።»

ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። «ይቆጣል።»

«ማን ነው የሚቆጣው?»

«እጢው።»

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ሲስተር ግን ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ይቆጣ። እኛም እንቆጣለን» አለች።

በማግስቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ይዛኝ ሄደች። መርፌው ሲገባ የእናቴን ድምፅ እየሰማሁ የሲስተርን እጅ ጨምቄ ያዝኩ። ውጤቱ እስኪመጣ በየሌሊቱ እየነቃሁ ተቆጥቶ እንደሆነ እዳስሰው ነበር። ወረቀቱን ከኔ ቀድማ ያነበበችው እሷ ናት። «ቲቢ ነው። የእጢ ቲቢ። መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ከወሰድሽ ትድኛለሽ» ስትለኝ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ አንድ ቀን ጤና መኮንኑ ከአንድ የሙያ ጓደኛው ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «እንዴ፣ ያቺ የሬዲዮዋ ልጅ?» አለና ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። ስልኩን ሲዘጋ ሲስተር ቀና ብላ አየችው። ራሱን ነቀነቀላት፤ እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ መልሱን ፈራሁት።

የዚያን ቀን ለስላሳ የገዛ ሰው የለም። የልጅቷም መልስ እንደኔ ቲቢ ሆኖ ሲስተር ብታሸንፍ ኖሮ ዝም እንደማትል አውቃለሁ።